ውሳኔው ሲተላለፍ፦ በሜሪላንድ የአንድ ቤተሰብ የኮሌጅ ማመልከቻ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በየዓመቱ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ ሐበሻ ቤቶች ተመሳሳይ ጭንቀት ይገባል። ልጅ ለኮሌጅ ቀድሞ አመልክቶ ሲጠብቅ ይቆይና የሚመጣው መልስ "ተቀብለንሃል" ወይም "አልተቀበልንህም" የሚል አይሆንም። ማመልከቻው ወደ መደበኛው ዙር እንደተላለፈና ከሌሎቹ ጋር እንደገና እንደሚታይ ይነገረዋል። ተማሪዎቹ "ዲፈር ተደረግኩ" ይላሉ። ወላጆች ይደሰቱ ይዘኑ ግራ ይገባቸዋል።

እዚህ የምመዘግበው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ እና በ2025 መጀመሪያ በሞንጎመሪ ካውንቲ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የገጠመውን ነው። ማመልከቻ የሚሞሉ የማኅበረሰባችንን ልጆች በበጎ ፈቃድ ስለማግዝ ጉዳዩን ከቅርብ ተከታትያለሁ። ቤተሰቡ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ትቻለሁ፣ አንዳንዶቹንም ቀይሬያለሁ። ጉዳዩን የመረጥኩት አንድ ነገር አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ከዲፈር በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት እጅግ ውድ ናቸው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን እነዚያን ቀናት መልሱን ባዘገየው ትምህርት ቤት ላይ ያጠፋቸዋል፣ ሥራው ያለው ግን ገና ባልተላኩት ማመልከቻዎች ላይ ነው።

ዳራ

ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወላጆቿ በዲቪ ሲመጡ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ መጀመሪያ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ አሁን በኡበርና በሊፍት የስልክ መተግበሪያዎች ተሳፋሪ ያደርሳል። እናቷ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ስምንተኛ ክፍል የሚማር ወንድም አላት። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ውጤቷ ከፍተኛ ነው፣ ኤፒ የሚባሉትን በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡ የካልኩለስና የስታቲስቲክስ ትምህርቶች ትወስዳለች፣ ኢኮኖሚክስ ማጥናት ትፈልጋለች። እናትየው በልቧ ሕክምና ብትመርጥ ትወድ ነበር፣ ግን አልተጫነቻትም።

የወላጆቿን አስተሳሰብ ሳይረዱ የሆነውን መረዳት አይቻልም። አባትየው ማትሪክ ተፈትኖ ያለፈ ሰው ነው። እሱ በሚያውቀው ሥርዓት ፈተናው አንድ ነው፤ ነጥቡ ይወጣል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል፣ ነገሩ ያልቃል። "ሁሉም ኤ ነው፤ ታዲያ ምን ጎደላት?" ሲል ከልቡ ነበር የሚጠይቀው። የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ውጤትን፣ ጽሑፍን፣ የአስተማሪዎችን ደብዳቤ እና ከክፍል ውጪ የሚሠራውን ሁሉ አንድ ላይ መዝነው፣ ከዚያም የሚቀበሉትን ክፍል በራሳቸው ፍላጎት እንደሚያዋቅሩ ማንም በወጉ አላስረዳውም። ብቁ ሆኖ ቦታ ማጣት ያለበት ሥርዓት መሆኑ ለእሱ አዲስ ነገር ነበር።

ልጅቱ የመረጠችው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኝ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። በኧርሊ ዲሲዥን አመለከተች። በዚህ መንገድ የሚያመለክት ተማሪ ከተቀበሉት ሊገባ፣ ሌሎች ማመልከቻዎቹንም ሊሰርዝ ይስማማል። ስምምነቱን ወላጅ እና የትምህርት ቤቱ ካውንስለርም (የተማሪዎች አማካሪ) ይፈርሙበታል። ከዚህ የሚያስወጣ ተቀባይነት ያለው ምክንያት በአብዛኛው አንድ ነው፤ የተሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ለቤተሰቡ የማይበቃ ከሆነ። ኧርሊ አክሽን የሚባለው ሌላው መንገድ ግን አያስርም፤ መልሱ ቀድሞ ይመጣል፣ ተማሪው እስከ ሜይ 1 ማወዳደር ይችላል። ልጅቱ ኧርሊ ዲሲዥንን የመረጠችው ዕድል ይጨምራል ሲባል ሰምታ ነው። ዋጋውን በተመለከተ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ያለውን ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር (ከድጋፍ በኋላ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት ቅጽ) ሞልታ ነበር፤ ያሳያት ቁጥር አስደስቷታል። የማያስተማምን ቁጥር መሆኑን በኋላ እናያለን።

በዚያው ኖቬምበር በካውንስለሯ ግፊት ወደ ሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኧርሊ አክሽን ማመልከቻ ላከች። የኧርሊ ዲሲዥን ስምምነት ይህን አይከለክልም ነበር። በወቅቱ ብዙም ትኩረት አልሰጠችውም።

ችግሩ

መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ፣ በሥራ ቀን፣ ማታ በዩኒቨርሲቲው የአመልካቾች ገጽ (ፖርታል) ላይ ወጣ። እናት ፈረቃ ላይ ነበረች፣ አባት መንገድ ላይ። ልጅቱ ብቻዋን ከፈተችው። ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ ማመልከቻዋ ጠንካራ እንደሆነ፣ ከመደበኛው ዙር አመልካቾች ጋር እንደገና እንደሚታይ፣ ውሳኔው በማርች መጨረሻ እንደሚነገራት ይላል። ከታች በአነስተኛ ፊደል ምን መላክ እንደምትችል እና ምን እንዳትልክ ተጽፏል። ያንን ክፍል በመጀመሪያው ሌሊት አላነበበችውም።

ችግሩ በአንድ ጊዜ በሦስት በኩል መጣ። ሰዎች የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱም ሐዘኑ ነው። ለወራት "እዚያ ነው የምገባው" ስትል የነበረች ልጅ እንቅልፍ አጣች፣ ሌሊት ሌሊት ሌሎች ተማሪዎች ኮሌጅ እንደተቀበላቸው የሚናገሩባቸውን ቪዲዮዎች ታይ ጀመር።

ሁለተኛው ወሬው ነበር። እናትየው ልጇ የት እንዳመለከተች ለጓደኞቿም ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ነግራ ነበር። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለነበር ብዙ ጊዜ ቅዳሴ ላይ ይገናኛሉ። "እንዴት ሆነች? ገባች?" ለሚለው ጥያቄ እናትየው "ገና ነው" ማለት ጀመረች፣ ልጅቱንም እንዲሁ እንድትል ነገረቻት። አዲስ አበባ ያለችው አክስት በስልክ ሰምታ "ወደቀች ማለት ነው?" ብላ አለቀሰች። አክስቲቱ ያለችበትን ሁኔታ ላወቀ ይህ አያስገርምም። በ2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እዚያ "አልገባም" የሚል ቃል በብዙ ቤት የሚሰማው ይህን ይዞ ነው።

ሦስተኛው በጣም አሳሳቢ ነበር፤ ግን ማንም አላስተዋለውም። በዝርዝሯ ላይ ሌሎች ሰባት የግል ኮሌጆች ነበሩ፣ የሁሉም ማብቂያ ቀን ከጃንዋሪ 1 እስከ 15 ባለው ውስጥ ነው። "ከገባሁ አያስፈልገኝም" ብላ ለአንዳቸውም ጽሑፍ አልጀመረችም። የካውንስለሮቹ ቢሮ ለበዓል የሚዘጋው ደግሞ በቀናት ውስጥ ነበር፤ የውጤት ሰነዱ (ትራንስክሪፕት) እና የትምህርት ቤቱ ቅጾች ሳይጠየቁ ከተዘጋ ለጃንዋሪ 1 አይደርሱም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ የተደረገው ለዩኒቨርሲቲው ምንም አለመጻፍ ነው። ልጅቱ በማግስቱ ረጅም ኢሜይል አዘጋጅታ ነበር፤ ለምን እዚያ መማር እንዳለባት፣ ምን ያህል እንደደከመች የሚል። ስሜቱ እውነት ነው፣ ግን አዲስ ነገር የለበትም። እንድታስቀምጠው ተስማማን። በምትኩ ደብዳቤውን ከመጨረሻው ጀምረን አብረን አነበብን። ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነበር፦ በመደበኛው ዙር መቆየት እንደምትፈልግ የሚያረጋግጥ አጭር ቅጽ፣ ካውንስለሩ የሚልከው የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤት፣ እና ከፈለገች በፖርታሉ በኩል አንድ ማሻሻያ ደብዳቤ። ተጨማሪ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳይላክ በግልጽ ተጽፏል። ቅጹን በዚያው ቀን ሞላች። ትምህርት ቤቶች በዚህ በጣም ይለያያሉ፤ ኤምአይቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ለተላለፉ አመልካቾች በፌብሩዋሪ የሚሞላ የራሱ ቅጽ አለው፣ ምንም አትላኩ የሚሉም አሉ። ስለዚህ የጓደኛ ልምድ እንደ መመሪያ አያገለግልም።

በማግስቱ ካውንስለሩን ቢሮው ሳይዘጋ አገኘችው። ትራንስክሪፕቱ ለሁሉም እንዲላክ ጠየቀች። እሱም ኧርሊ ዲሲዥን ሁለት የሚባለውን አነሳ። ይህ እንደ መጀመሪያው የሚያስር ስምምነት ሆኖ በጃንዋሪ የሚያመለክቱበት፣ መልሱም በፌብሩዋሪ የሚመጣበት ዙር ነው። ማመልከቻዋ ሲተላለፍ የመጀመሪያው ግዴታ ስለወደቀ ሕጉ ይፈቅድላታል፤ በማርች የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ቢቀበላት እንኳ መግባት አይጠበቅባትም ነበር። ቤተሰቡ ሁለት ምሽት ተወያየበት። ልጅቱ ፈለገችው፤ ጭንቀቱ ቶሎ እንዲያልቅላት ነው። አባትየው ግን የመጀመሪያውን ስምምነት ሲፈርም ዋጋውን በቅጡ እንዳልጠየቀ ተናግሮ "ሁለተኛ ሳላውቅ አልፈርምም" አለ። በእኔ እምነት በዚያ ዓመት በዚያ ቤት ከተወሰኑት ሁሉ ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ነበር። ገንዘብ ማወዳደር ያለበት ቤተሰብ የማወዳደር መብቱን ሁለት ጊዜ አሳልፎ መስጠት የለበትም።

የሰባቱ ኮሌጆች ዝርዝር ወደ አራት ወረደ። የወጡት ሦስቱ በስማቸው ብቻ የገቡ ነበሩ፤ ልጅቱ ለምን እዚያ እንደምትማር አንድ አንቀጽ መጻፍ አቅቷት ነበር። ይህ ራሱ በቂ መለኪያ ሆነ።

ጽሑፉ ላይ የሆነውን በዝርዝር መናገር ይገባል። በኖቬምበር የላከችው ዋናው ጽሑፍ ከኢትዮጵያ ስለመጣችበት ጉዞ ነበር፤ አውሮፕላን፣ ብርድ፣ እንግሊዝኛ አለማወቅ። በደንብ የተጻፈ ነው፣ ግን ስለ እሷ የሚናገረው ትንሽ ነው፤ ብዙ ልጅ ሊጽፈው ይችላል። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ አንብባ "አሁን በየቀኑ የምትሠሪው ነገር ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የአባቷን የሥራ ሂሳብ የምትይዘው እሷ መሆኗን የተናገረችው በዚህ ጊዜ ነው። በየቀኑ የሚነዳውን ማይል፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ መተግበሪያዎቹ የሚቆርጡትን በሰንጠረዥ ትመዘግባለች፤ በታክስ ወቅት ሒሳብ ሠራተኛው ስኬጁል ሲ የተባለውን የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው የታክስ ቅጽ የሚሞላው ከእሷ ሰንጠረዥ ነው። ከዚያም አልፋ በየትኛው ሰዓትና ሰፈር መሥራት ከነዳጁ ጋር ሲሰላ እንደሚያዋጣ ለአባቷ አስልታለት ነበር። ይህን ሁሉ የትም አልጻፈችውም፤ የቤት ሥራ እንጂ የሚቆጠር ነገር አልመሰላትም። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ ግን በእንቅስቃሴዎች ዝርዝር ውስጥ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል የራሱ ምድብ አለው። ልጅቱ ዝርዝሯን አስተካከለች፣ ዋናውን ጽሑፍም በዚህ ላይ እንደገና ጻፈችው። ኢኮኖሚክስ ለምን እንደምትፈልግ ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ጽሑፉ ራሱ አስረዳላት።

ሥራው በእረፍቱ ቀናት ተሠራ። አራቱም ማመልከቻዎች ከታኅሣሥ ገብርኤል በፊት፣ ማለትም እስከ ዲሴምበር 27 ድረስ እንዲላኩ ተወሰነ፤ ሦስቱ ተላኩ፣ አንዱ ዘግይቶ ዲሴምበር 30 ሄደ።

ከዚህ ጎን የገንዘቡ ቅጾች ነበሩ። በዚያ ዓመት ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) እንደ ወትሮው ኦክቶበር 1 ሳይሆን ለሁሉም የተከፈተው በኖቬምበር ሦስተኛው ሳምንት ነው። አባትየው የራሱን አካውንት ከፍቶ የታክስ መረጃው እንዲወሰድ መስማማት ነበረበት፤ ከሚስቱ ጋር በአንድ ታክስ ስለሚያሳውቁ የአንዳቸው በቂ ሆነ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ተጨማሪ የገንዘብ ቅጽ የሚጠይቁት ኮሌጆች ግን በጥልቀት ይመረምራሉ። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ከታክስ ላይ ለመኪናው እርጅና የሚቀንሰውን አንዳንዶቹ መልሰው እንደ ገቢ ይቆጥሩታል። መጀመሪያ ያስደሰታት የኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ቁጥር የማያስተማምነውም ለዚህ ነው፤ ካልኩሌተሩ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ወደ እውነቱ ይቀርባል፣ እንደዚህ ላለ ቤተሰብ ግን ሊርቅ ይችላል።

ለመጀመሪያ ምርጫዋ ዩኒቨርሲቲ ማሻሻያ ደብዳቤው የተላከው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ የመንፈቁ ውጤት ከወጣ በኋላ ነው። ከአንድ ገጽ ያንሳል። አሁንም መግባት እንደምትፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጸች፣ የካልኩለስና የስታቲስቲክስ ውጤቷን ጠቀሰች፣ ስለ ሂሳብ ሰንጠረዡ በኖቬምበር ያልነገረቻቸውን ነገረች፣ በዚያ ክፍል ካሉ ትምህርቶች የትኛው ለምን እንደሚስባት ጻፈች። ሐዘኗን አላነሳችም።

የሠራውና ያልሠራው

በቤት ውስጥ በጣም የረዳው ስለ ኮሌጅ የሚወራበት ጊዜ መወሰኑ ነው። አባትየው እሁድ ማታ ስለማይሠራ ያ ሰዓት ተመረጠ፤ በሌላ ቀን ማንም ጥያቄ አያነሳም። እናትየው ብዙ ጊዜ አልቻለችም፣ ከፈረቃ ስትመለስ ጠዋት "ምን አዲስ ነገር አለ?" ትላለች። ቢሆንም ልጅቱ ከዚያ ወዲህ እራት በሰላም መብላት ጀመርኩ ብላኛለች።

"ገና ነው" የሚለው መልስ አልሠራም። ልጅቱን ከሐዘኑ በላይ የጎዳት እሱ ነው፤ የምታፍርበት ነገር እንዳለ አስመሰለው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት መሄድም ተወች። የተለወጠው እናትየው ለቅርብ ጓደኛዋ እውነቱን ስትነግር ነው። ጓደኛዪቱ የራሷ ልጅ ባለፈው ዓመት እንዲሁ እንደሆነ ነገረቻት። ለካ ሁለቱም ደብቀው ነበር። ከገና በኋላ እናትየው ለሚጠይቃት ሁሉ "ውሳኔውን ወደ ማርች አስተላልፈውታል፣ ሌሎችም አመልክታለች" ማለት ጀመረች፤ ጠያቂዎቹም በዚያው አቆሙ።

የሰው ማስገባትም አልሠራም። አንድ ዘመድ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው አውቃለሁ ብሎ ደወለ፤ ሌላ የተከበሩ ሽማግሌ ሳይነግሩን የድጋፍ ደብዳቤ ላኩ። በቅን ልብ ነው ያደረጉት፣ በአገራችን ለልጅ መቆም ወግ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ አትላኩ ያለውን መላክ መመሪያ ያላነበበች ያስመስላታል።

ውጤቱ

የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ በጃንዋሪ መጨረሻ ተቀበላት፣ ለብርቱ ተማሪዎች ባለው ልዩ ፕሮግራም ውስጥም አስገባት። ያ መልስ በቤቱ ውስጥ የነበረውን አየር ቀየረው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ተጨማሪ ሆነ።

በማርች መጨረሻ የመጀመሪያ ምርጫዋ አልተቀበላትም። አለቀሰች፤ ግን በዲሴምበር እንዳለቀሰችው አልነበረም። ከአራቱ የግል ኮሌጆች ሁለቱ ተቀበሏት፣ አንዱ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገባት፣ አንዱ አልተቀበላትም።

ኤፕሪል የገንዘብ ወር ሆነ። ከተቀበሏት ከሁለቱ አንዱ፣ በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው ኮሌጅ፣ የላከው የድጋፍ ደብዳቤ ከላይ ትልቅ ድምር ይዟል። ስንበትነው ከድምሩ ውስጥ የፌዴራል ብድር 5,500 ዶላር ነበረበት፤ የአንደኛ ዓመት ጥገኛ ተማሪ ሊበደር የሚችለው ጣሪያ ነው። ከዚያም በላይ ወላጅ የሚበደረው ፓረንት ፕላስ ተጨምሮበታል። ስጦታ የሆነውን ብቻ ለይተን፣ ዶርምና ምግብን ጨምረን፣ ለአራት ዓመት አባዝተን በአንድ ወረቀት ላይ ከመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ጎን አስቀመጥነው። አባትየው የገቢውን መቀነስ በሰነድ አስደግፎ እንደገና እንዲታይለት ጻፈ፤ ኮሌጁ ጥቂት ጨመረ፣ ክፍተቱ ግን አልተዘጋም። ወረቀቱን ያዘጋጀችው ልጅቱ ናት፣ ውሳኔውንም የሰጠችው እሷ ናት። ከሜይ 1 በፊት ለመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ማረጋገጫ ላከች።

ለሌሎች ቤተሰቦች

ዲፈር ከመጣ በዚያው ሳምንት ሊሠራ የሚገባው ከሁሉ ቀድሞ የካውንስለሩ ጉዳይ ነው። ቢሮው መቼ እንደሚዘጋ ጠይቁ፣ ትራንስክሪፕቶቹ እንዲላኩ በጽሑፍ አሳውቁ። ይህ ካመለጠ የትኛውም ጥሩ ጽሑፍ አያድነውም። ከተቻለ ደግሞ ሌሎቹ ጽሑፎች መልሱ ሳይመጣ በኖቬምበር ይጻፉ፤ የተቀበሉት ልጅ ያባከነው ጥቂት ምሽት ነው፣ ያልተቀበሉት ግን ሙሉ ወር ያተርፋል።

መልሱን ላዘገየው ትምህርት ቤት የሚገባው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ያዘዘውን ቅጽ መሙላት፣ የመንፈቁን ውጤት ማሳመር፣ ከፈቀደ አዲስ ነገር የያዘ አንድ አጭር ደብዳቤ። አዲስ ነገር ከሌለ ደብዳቤው እስኪኖር ይጠብቅ። የተላለፉ አመልካቾች አብዛኞቹ በማርች እንደማይገቡ ለልጁ ከመጀመሪያው በእርጋታ መንገር ይሻላል፤ ተስፋውን ሳይነጥቁ ክብደቱን ወደ ሌሎቹ ማዞር ይቻላል።

ልጆቻችን በቤት የሚሠሩትን አይጽፉም። ታናናሾችን የሚያሳድጉ፣ ለእናታቸው ሐኪም ቤት የሚያስተረጉሙ፣ በሱቅ የሚያግዙ፣ ሂሳብ የሚይዙ ልጆች "ምንም እንቅስቃሴ የለኝም" ይሉኛል። ወላጅ ይህን ቁጭ ብሎ ቢቆጥርላቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ከእሱ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

ኧርሊ ዲሲዥንን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ዋጋው ምንም ቢሆን ለሚከፍል፣ ወይም ኮሌጁ የሚሰጠውን ድጋፍ በእርግጠኝነት ለሚያውቅ ቤተሰብ መልካም መንገድ ነው። ለታክሲ ነጂ፣ ለባለ ሱቅ፣ ለራሱ ለሚሠራ ሁሉ ግን ካልኩሌተሩ ብቻ አይበቃም። ከመፈረም በፊት፣ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር፣ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ደውሎ ስኬጁል ሲ ያለበትን የታክስ ሰነድ አይተው ግምት ይሰጡ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ። ግምት አንሰጥም ካሉ፣ ልጁ ወደዚያ በመደበኛው ዙር ያመልክት፣ የስቴቱን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኧርሊ አክሽን ይላክ።